ቅጠሏ ነበረች

«ሽማግሌው ይፈርማሉ፤ እሱን ለእኔ ይተዉት» ሲል ወንድሟን ሰማችው። እሷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጥርስ ብሩሿን እንደጎረሰች ነበር፤ እሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በስልክ ያወራል። የዚያ ቤት ግድግዳ ምስጢር አይቋጥርም፤ ከወዲህ ያስነጠሰ ከወዲያ «ይማርህ» ይባላል። ውሃውን ዘጋችው። «አዎ፣ ቅጠሏን ሳላስገባ ረስቼ ነው የሚል ወረቀት ነው... ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ነው የቀራቸው፤ ምን ይጎድልባቸዋል?... የምትመረምረው እህቴ ናት፤ በእሷ በኩል ምንም ችግር የለም።» ከዚያ ንግግሩ አለቀ፤ የቁም ሣጥኑ በር ሲጥ ሲል ተሰማ። እሷ አረፋውን ሳትተፋ መስታወቱ ፊት ቆማ ቀረች። «እህቴ ናት» ያለበት አነጋገር «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» እንደሚል ሰው ነበር።

ቁርስ ላይ ስለዚህ ነገር ማንም አላነሳም። ጠረጴዛው ለአራት ሰው ስለሚጠብ ክርን ከክርን ይጋጫል። የወንድሟ ሚስት ቲማቲም በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥፍ መሆኑን አንስታ ተማረረች፤ ትንሿ ልጃቸው ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ ግማሹን እዚያው አሰመጠችው፤ ወንድሟ ለሁሉም «እህ» ብቻ እያለ ሰዓቱን ያያል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ፀጉሯን ራሱ እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር፤ ጉንጉኑ ወደ አንድ ጎን ተንሻፎ ልጆች ሲስቁባት አጥር ላይ ቆሞ ሲሳደብላት ትዝ ይላታል። የምርት ኃላፊ በሆነበት ፋብሪካ ያስቀጠራት እሱ ነው፤ ዕቃ ቤት የነበረችውን፣ አልጋ ከገባባት ወዲህ በሯ እስከ ግማሽ ብቻ የሚከፈተውን ክፍል አስለቅቆ የሰጣትም እሱ ነው። ስለዚህ የሰማችውን ሳታነሳ ሻይዋን ጠጣች። የወንድሟ ሚስት ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

መኪና ውስጥ እሱ ነው የጀመረው።

«የተሰበረው ዕቃ ዛሬ ይደርስሻል። ብዙ አያስቸግርሽም። ቅጠል የለውም፤ የለውም ብለሽ መጻፍ ነው።»

«ካየሁት በኋላ እጽፋለኋ ወንድም ጋሼ።»

«እኔም ካየሽው በኋላ ነው ያልኩት» አለ። አላለም ነበር። ሬዲዮውን ከፈተው፤ የአየር ሁኔታ ይነገራል፤ ደመና ነው አሉ፤ ደመና መሆኑን በመስታወቱም እያዩት ነበር።

ፋብሪካው የአካል ጉዳተኞችን ተሽከርካሪ ወንበር ይሠራል። ወንበሩ ቀላል እንዲሆን ቱቦው ከአሉሚኒየም፣ እግር ማሳረፊያውን የሚሸከመው ክንድ ደግሞ ከዚያም ከሚቀለው ከማግኒዝየም ነው። ሁለቱ ብረቶች ለየብቻ ደግ ናቸው፤ አንድ ላይ አግለህ ካጣበቅካቸው ግን መገናኛቸው ላይ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ቅርፊት ያበቅላሉ። ለዚህ ነው በመሐላቸው ከወረቀት የሳሳ የዚንክ ቅጠል የሚገባው። ሁለቱም በአሲድ ይታጠባሉ፤ ቅጠሏ በወረንጦ ትነጠፋለች፤ ከዚያ አየሩ በተመጠጠ ምድጃ ውስጥ ተጫጭነው፣ ለስለስ ባለ ሙቀት፣ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ዚንኳ ለወዲህም ለወዲያም ትይዛለች፤ ሁለቱ ሳይነካኩ ይያያዛሉ። ይህችን ቅጠል ሃያ ሁለት ዓመት ሲያነጥፉ የኖሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ አባ ቅጠል ናቸው። እሷን ደግሞ «አጉሊ» ይሏታል፤ ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ስንጥቅ ታያለች ብለው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት መምህርት ከትምህርት ቤቷ ዳገታማ መውረጃ ላይ ስትወርድ የወንበሯ ክንድ ከመገናኛው ተገንጥሎ በፊቷ ተደፋች። ሁለቱም እጆቿ ተሰበሩ። ለሌላ ሰው እጅ እጅ ነው፤ ለእሷ ግን መሄጃዋም ነበር።

የተሰበረው ዕቃ በካርቶን ተጠቅልሎ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። የምርመራ ክፍሏ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ትንሽ መጋዝ፣ የሚሽከረከር ማለስለሻ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ወንበር። ገና ጋወኗን ሳትቆልፍ አባ ቅጠል ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አየሽው ልጄ?»

«ገና ነው አባባ። አሁን ነው የምቆርጠው።»

«ያን ሰሞን ባለቤቴ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር፤ ሐሳቤ እዚያ ነበረ መሰለኝ።» ቆቡን ገለበጡት፤ መልሰው ገለበጡት። «እጄ አስገብቻለሁ ይላል። ጭንቅላቴ ደግሞ እንጃ ይላል። የቱን ልመን?»

ምን እንደምትላቸው ጨነቃት። «ከምሳ በኋላ ይምጡ፣ እነግርዎታለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው፣ ግን ትንሽ ቆመው፣ የተሰበረውን ብረት ከሩቅ እንደ በሽተኛ ዘመድ አይተውት ሄዱ።

መገናኛውን በመጋዝ ሰነጠቀችው፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ልስልሱ አሸችው፤ ፊቷ እስኪታይበት አለሰለሰችው። አሲድ አስነክታ አጠበችውና ማይክሮስኮፑ ስር አስገባችው። ጤነኛ መገናኛ ቢሆን ኖሮ በመሐል ቀጥ ያለ የዚንክ መስመር ታይ ነበር። መስመር የለም። በቦታው የተሰነጣጠቀ ግራጫ ቅርፊት ብቻ ነው ያለው፤ ማግኒዝየሙና አሉሚኒየሙ ተነካክተዋል። እና፣ ለማንም ባትናገረውም፣ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ወንድሟ እውነቱን ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ረስተዋል፤ በቃ፤ ሰው ይረሳል። ብዕሯን አንስታ ቀኑን ጻፈች። ወዲያው ደግሞ በዚያ እፎይታ አፈረች። አንድ ሰው ባላስታወሰው ነገር ሲወነጀል ደስ ያላት የማን ልጅ ብትሆን ነው? ብዕሯን አስቀምጣ የቀረውን ቁራጭ እንደገና አነሳችው።

ከምድጃ የወጣ ዕቃ ውጪው በመፍጫ ይስተካከላል፤ የቱቦው ውስጥ ግን መፍጫ አይደርስበትም። መብራት ወደ ውስጥ ስታበራ መገናኛው ጫፍ ላይ እንደ እንባ የተንጠለጠለች፣ ከምስር የማትበልጥ ጠብታ አየች። በወረንጦ ፈነቀለቻት። ከሁለቱ ብረቶች ቁራጭ ጋር አንድ ላይ ማሞቂያው ላይ አስቀምጣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ጨመረች። አሉሚኒየሙ እንዳለ ነው፤ ማግኒዝየሙ እንዳለ ነው፤ ጠብታዋ ግን ገና በጊዜ አብረቀረቀችና ተዘረጋች። እንዲያ በቶሎ የሚቀልጥ በዚያ ቱቦ ውስጥ ዚንክ ያለበት ነገር ብቻ ነው። ቅጠሏ ነበረች። ገብታለች፤ ሙቀቱ በዝቶባት ቀልጣ፣ በጭነቱ ተጨምቃ ወደ ጎን ወጥታለች።

የምድጃው መዝገብ እሷ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሙቀቱን ቀን ከሌት የሚያሰምር የተጠቀለለ ወረቀት። የመምህርቷ ወንበር የተሠራበትን ሳምንት ጥቅል ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ሰኞ መስመሩ እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ ረዥም ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ሰባ ዲግሪ ከፍ ብሏል፤ ቆይታውም በግማሽ አጥሯል፤ እስከ ቅዳሜ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «በዚህ ይሂድ» ይላል። ያን «ሂ» የምትጽፍ እጅ አንድ ብቻ ናት፤ በልጅነት ደብተሮቿ ላይ የቤት ሥራዋን ያረመችው እጅ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

በምሳ ሰዓት ወንድሟ ሁለት ሳንድዊች ይዞ መጣ። ወረቀቱ ተዘርግቶ ሲያይ ሳንድዊቾቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ በሩን ከኋላው ዘጋ። ክፍሏ ለሁለት ሰው አትበቃም፤ አንዱ ከተነፈሰ ሌላው ይሰማል።

«ቅጠሏ ነበረች» አለችው። «ቀልጣ ነው የወጣችው።»

አልካደም፤ ይህንን ሁልጊዜም ትመሰክርለታለች።

«ከላይ፣ ከሥራ አስኪያጁ ነው የታዘዝኩት» አለ። «ምድጃው በቀን ሦስት ዙር ይሥራ፣ እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ አለኝ። አይሆንም አልኩት። እንግዲያው የሚሆንለት ሰው እፈልጋለሁ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን አድርግ ትይኛለሽ? ቤቱን ታውቂዋለሽ። ልጅቷን ታውቂያታለሽ።»

«አባ ቅጠልስ?»

«ሁለት ወር ነው የቀራቸው። ጡረታቸው አይነካም፤ ጠይቄያለሁ። ረሳሁ ያለ ሽማግሌን ማንም አይቀጣም። ለእኔ ግን ማለቂያዬ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ በዚያ ሳምንት ስንት ወንበር ወጣ?»

ወደ ተዘረጋው ወረቀት ዝቅ ብሎ አየ።

«እሳቸው ከረሱ የተበላሸው አንድ ወንበር ነው። ምድጃው ከሆነ ግን...»

«አርባ ሁለት» አለ። «የመምህርቷን ካወጣሽው አርባ አንድ።» የሳንድዊቹን ወረቀት በጣቱ ሲያሸው ቆየ። «ሁሉም ይሰበራል ማለት አይደለም እኮ።»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

እሷ ጥቅሉን ከወለሉ ላይ መጠቅለል ጀመረች። እሱ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ሁለቱንም ሳንድዊች ትቶ።

አባ ቅጠልን ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አገኘቻቸው። ጓንታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የአሲድ ገንዳዎቹን እያዩ ተቀምጠዋል። ያነጠፉት ነገር የለም። ከረፋዱ ቢሮ ተጠርተው መፈረማቸውን ነገሯት፤ ወረቀቱ በኮምፒዩተር የተጻፈ ቆንጆ ወረቀት ነበር አሏት፤ ስማቸውን ሙሉ ከነአያታቸው አስገብተውበታል። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ክፍሏ አመጣቻቸውና ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በእሱ አይተው አያውቁም። መጀመሪያ የራሳቸውን የዓይን ሽፋሽፍት ነው ያዩት፤ ሳቁ። ከዚያ ጠብታዋን አዩ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት አባባ። እርስዎ ያስገቧት። ሙቀቱ በዝቶባት ነው የወጣችው።»

ዓይናቸውን ከመነጽሩ አላነሱም። «ይህ ወሬ ከመጣ ወዲህ» አሉ እንዳጎነበሱ፣ «ባለቤቴ ክብሪት ትደብቅብኛለች። ሻይ ጥጄ ስነሳ ከኋላዬ መጥታ እሳቱ መጥፋቱን ታያለች። በክፉ አይደለም። ትናንት ደግሞ ለጎረቤት፣ አርጅቷል አለች፤ ሰማኋት። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ተኛሁ።» መሐረብ ፈልገው አጡ፤ በቆባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለቢሮው ንገሪ አልልሽም። አለቃሽ ወንድምሽ ነው፤ አውቃለሁ። ለእሷ ግን ትነግሪልኛለሽ? አንድ ቀን እቤት መጥተሽ?»

«እነግራቸዋለሁ» አለች።

ሪፖርቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጻፈችው። ያየችውን፣ ጠብታዋን፣ የምድጃውን መስመር፣ በኅዳጉ ያለውን ጽሑፍ፣ የአርባ አንዱን ወንበር ነገር። የወንድሟን ስም ለመጻፍ ስትደርስ ብዕሯን ሦስት ጊዜ አነሳች። ስሙን ተወችው፤ የምድጃውን ወረቀት ቅጂ ግን አያያዘችው፤ ይህ ምሕረት ይሁን ፍርሃት ራሷም አላወቀችውም። ሪፖርቱን የወሰደችላቸው ሥራ አስኪያጅ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ አቁመው አያናግሩም፤ ወንበር ይስባሉ። አነበቡት፤ ገጹን ገልብጠው የምድጃውን ወረቀት አዩ፤ ወደ መብራቱ አስጠግተው የእርሳሱን ጽሑፍ አዩ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሏት። «እንዲህ ዓይነት ሙቀት እንዲጨምር እኔ አላዘዝኩም። አዝዤ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ይኖር ነበር፤ አይደል?»

«በቃል የሚታዘዝም አለ» አለች።

«በቃል» አሉና ፈገግ አሉ። ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ሰዎቹስ? ወንበሮቹ ሰው እጅ ናቸው።»

«ይታያል። መሣቀቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ወር የቦርድ ስብሰባ አለ።»

ከዚያ ወጥታ ሽያጭ ክፍል ገባች፤ የዋስትና ካርድ ላረጋግጥ ነው ብላ የአርባ አንዱን ሰዎች ስልክ ገለበጠች። ውሸቱ በቀላሉ መውጣቱ ገረማት። ክፍሏ ተመልሳ በራሷ ስልክ መደወል ጀመረች። አንድ ወጣት ማን እንደሆነች ሳይሰማ ዘጋባት። አንዲት እናት ልጄን ወንበር ላይ እያየሁት ነው፣ ምንም አልሆነም እኮ አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረና «አሁን ላውርደው?» አለች። አንድ ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቄ ከቤቴ አራት መንገድ ይርቃል አላት። «አይጠቀሙበት ካልሽኝ በምን ልሂድ?» አላወቀችም። «ስንት ቀን ነው የምጠብቀው?» ይህንንም አላወቀችም። ሰውየው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ስለደወለች አመሰገናት፤ የባሰባትም እሱ ነው። የምሳውን ሳንድዊች በሁለት ጥሪ መሐል፣ ጣዕሙ ሳይታወቃት በላችው። የሥራ ሰዓት አልቆ ጠባቂው ቁልፍ እያንጫጫ ሲመጣ ሠላሳ ሁለቱን አግኝታ ነበር። የወንድሟ መኪና ከግቢው ወጥታለች።

በእግሯ ነው የሄደችው። ቤት ስትደርስ መብራት ገና እየበራ ነው፤ የወንድሟ ሚስት በሩን ከፈተችላትና ሰላም ሳትላት ልጅቷን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ወንድሟ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ተቀምጧል። ፊቱ አንድ ወረቀት አለ። በጣቱ ገፋላት። በኮምፒዩተር የተጻፈ ቆንጆ ወረቀት ነው። «እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው ሠራተኛ፣ ማንም ሳያዘኝ በራሴ ፈቃድ...» ከታች የወንድሟ ስም፣ ከነአያታቸው ስም ጋር፤ የእሷም አያት ናቸው። ፈርሟል።

«የአባ ቅጠልን ቀደዱት» አለ። «ፊቴ ነው የቀደዱት። ከዚያ ይቺን አመጡ። አርባ አንዱንም ወንበር አንድ በአንድ ሰብስበን እንቀይራለን፣ ጥፋተኛውንም አባርረናል ብለው ነገ ያስነግራሉ። አየሽ፣ የተመቻቸው ነገር ሆኗል።»

«ለምን ፈረምክ? ታዝዤ ነው አትልም?»

«በምን ላሳይ?» ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ የተቆጣ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «ቃል በአንቺ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የሚታየው የእኔ እርሳስ ነው። እሱንም ደግሞ አልዋሸሽም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ተቀመጠች። ከመኝታ ቤቱ የወንድሟ ሚስት ልጅቷን ስታባብል፣ ልጅቷ «አባዬ ነገ ሥራ አይሄድም?» ስትል ተሰማ፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ለማንም አይራራም። ይቅርታ አድርግልኝ ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ ግን ውሸት ሆነባት፤ ነገም ቢሆን ያንኑ ሪፖርት ትጽፈዋለች። ደጅ ላይ ሰዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

«ስንቱን አገኘሽ?» አለ በድንገት። «በበርሽ ሳልፍ ስትደውዪ አይቼሻለሁ።»

«ሠላሳ ሁለቱን።»

«ቅዳሜ ይሰበሰባሉ ነው የሚሉት። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነው።» እጁን ዘረጋ። «የስልኮቹን ወረቀት ስጪኝ።»

ሰጠችው። የተሰረዙትን በጣቱ እየዘለለ ያልተሰረዘውን የመጀመሪያውን ስም አገኘ፤ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ጠራ። የአንድ አዛውንት ድምፅ፣ ከጀርባው የቴሌቪዥን ጫጫታ ጋር፣ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ወንድሟ አፉን ከፈተ። ትናንት ቢሆን የሥራ መደቡን ይጠራ ነበር፤ ፋብሪካውን ይጠራ ነበር። ወደ እህቱ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«ምድጃውን ያጋልኩት ሰው ነኝ» አለ።

«የምን ምድጃ?» አሉ አዛውንቱ።

ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ያስረዳቸው ጀመር።